ይድረስ ለሰብለ፣ ከጥቅምት ማግስት

ውድ ልጄ ሰብለ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከእናትሽ ጉልበትና ከእኔ ዓይን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን የምጽፍልሽ ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። በስልክ ስናወራ እናትሽ ከጎኔ ሆና ቃል በቃል እያረመችኝ የፈለግሁትን ሳልናገር ካርዱ ያልቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ በስተርጅና ታራሚ ሆንኩልሽ።

ጥቅምትን ሙሉ ማታ ማታ ስልክ የማላነሳው ምን ሆኜ እንደሆነ ስትጠይቂ «አባትሽ ተማሪ ቤት ገብቷል» ብላሻለች አሉ። እውነቷን ነው። እናትሽን ከቆጠርናት ሰባት ነበርን። ጡረታ የወጣው የአማርኛ መምህር፣ እታች ፋርማሲው ውስጥ የምትሠራዋ ልጅ፣ ከኋላችን ያለችው ፀጉር ሠሪ፣ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ጎረቤት ሕንፃ የሚጠብቀው የቢቸናው ሰውዬ፣ እኔና እናትሽ። ሐሳቡ የፋርማሲዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ወር ሙሉ አንድ ደራሲ ብቻ እናንብብ፣ ደግሞ ጮክ ብለን» አለችኝ። ማንን እናንብብ በሚለው ላይ ክርክር እንኳ አልተነሣም፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን። የእኛ ወር እንደሆነ ለዚህ የተሠራ ነው፣ 30 ቀን፣ አይተርፍ አይጎድል። በማታ 25 ገጽ ብንል ፍቅር እስከ መቃብር ጥቅምት 22 ያልቃል፣ የቀሩት ስምንት ምሽቶች ለወንጀለኛው ዳኛና ለትዝታ ይሆናሉ ብለን ደብተር ላይ አሰመርን። መብራት ስለሚጠፋባቸው ምሽቶች ያሰበ ሰው አልነበረም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። እኔ ፍቅር እስከ መቃብርን ከዳር እስከ ዳር አንብቤው አላውቅም ነበር። በሰው ፊት «አንብቤዋለሁ» እያልኩ ነው የኖርኩት። የሰማሁት ነው፣ በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ። ያን ጊዜ እኛ ሰፈር ሬዲዮ ያለው ቤት ሰዓቱ ሲደርስ ልቅሶ ቤት ይመስል ነበር፤ ሰው በር ላይ ሳይቀር ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። እናትሽ አንቺን እርጉዝ ሆና ሴት ከሆነች በታሪኩ በበዛብህ ፍቅረኛ ስም ሰብለወንጌል ነው የምላት ብላ ድርቅ ያለችው ከዚያ የተነሣ ነው። አንቺ አድገሽ «የመነኩሴ ስም ሰጣችሁኝ» ብለሽ ስታኮርፊ፣ መጽሐፉን ያላነበብኩት እኔ ነኝ «ስሙ ያለውን ትርጉም አታውቂም» እያልኩ የተቆጣሁሽ። ወጋየሁም ውለታው ብዙ ነው ግን ተንኮለኛ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ያነበብነው በእሱ ድምፅ ነው። ሹፌሩማ ሲያነብ ጭራሽ ወጋየሁን ሆኖ ቁጭ አለ፣ ሳሉ ሳይቀር። መምህሩ «አንተ በራስህ ጉሮሮ አንብብ እንጂ!» ብሎ እስኪቆጣው ድረስ።

መጽሐፉ የመምህሩ ነው፣ ሽፋኑ ካለቀ ቆይቷል፣ ጀርባው በማዳበሪያ ክር ተሰፍቷል። እኔ የገለጥኩት ለታሪኩ አልነበረም፣ እንደ ልማዴ ስህተት ፍለጋ ነው እንጂ። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ነጥቧ ናት። ደራሲው ጠብቆ በሚነበበው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አኑረዋል። እንግዲህ «አለ» ብለሽ ጻፊ። ተናገረ ነው? ወይስ ይኖራል? «ገና»ስ፣ በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? እኛ ከአውዱ እየገመትን ነው የምንኖረው። እሳቸው ግን አንባቢያቸው እንዲገምት አልፈለጉም። በእርሳስ ፊደል ዘመን ያቺን ነጥብ ገጽ በገጽ ማስገባት፣ ከዚያ ደግሞ ማረም፣ ምን ያህል ዓይን እንደሚያጠፋ የሚያውቀው የሠራበት ብቻ ነው። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ልጄ! ከሳቸው በኋላ የተከተላቸው ሰው እምብዛም አላየሁም፤ እኔም ያረምኳቸውን መጻሕፍት ሁሉ ያለ ነጥብ ነው ያሳለፍኳቸው። ጮክ ብለሽ ስታነቢ ግን ነጥቧ እጅሽን ይዛ ትወስድሻለች። አንዴም አልተሰናከልንም ማለት ይቻላል፣ ፀጉር ሠሪዋ ሳትቀር፣ ያውም ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ መጽሐፍ ይዤ አላውቅም ያለችው።

የቢቸናውን ሰውዬ ነገር ልንገርሽ። የጥበቃ ተረኛነቱ 2 ሰዓት ላይ ነው የሚገባው፣ እስከዚያ ከእኛ ጋር ይሆናል። የመጀመሪያው ማታ በር አጠገብ ዱካ ላይ ካልተቀመጥኩ ብሎ ስንት ለምነነው ነው ሶፋ ላይ የወጣው። አልዋሽሽም፣ እኔም በልቤ «ይሄ ደግሞ ምን ሊያነብ» ብዬ ነበር። በዛብህ ለትምህርት ዲማ ጊዮርጊስ የሚገባበት ላይ ስንደርስ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም እኮ ዲማ ቅኔ ቆጥሬያለሁ» አለ። ዝም አልን። ደበሎው ሲዘንብበት እንዴት እንደሚከብድና እንደሚሸት፣ አኩፋዳው ውስጥ የሰባት ቤት ቁራሽ ተቀላቅሎ ሌላ ጣዕም እንደሚያወጣ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ መጀመሪያ የሚወጣው ሰው ሳይሆን ውሻ እንደሆነ ነገረን። ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ባቱ ላይ ያለውን የንክሻ ጠባሳ አሳየን። እናትሽ ሲኒ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ ማታ ጀምሮ ያልገባን የጎጃም ቃል ሲመጣ መምህሩ ሳይቀር ወደ እሱ ነው የሚዞረው።

ወጋየሁን ስሰማ እኔ የያዝኩት ፍቅሩን ብቻ ነበር። ስታነቢው ግን ፍቅሩ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። በፊት ማንኩሳ ላይ ውድነሽ በጣሙ አለች፣ ባል እየሞተባት «ገፊ ናት» የተባለች፣ ቦጋለ መብራቱም አለ፣ ጉልበቱን እንጂ ሌላ ያልያዘ። ልጃቸው በዛብህ ታሞ ሊሞት ሲል ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። ያ ስለት ነው ዕድሜውን ሙሉ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው። ከዚያ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ በላይ አምጡ ሲሏቸው ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ የሚሉበት አለ። ፊታውራሪ ሊያስገብሩ ዘምተው ራሳቸው ይማረካሉ! ሹፌሩ እዚህ ላይ እየዘለለ ነው ያነበበው። መምህሩ ተማሪዎቹ «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት በ1957 ነው፣ መጽሐፉ የወጣው በ1958 ነው፣ አስቡት አለን። ለንደን አምባሳደር የነበሩ የመንግሥት ሰው ናቸው ይህን የጻፉት። የፋርማሲዋ ልጅ ግን «እሱ ሁሉ ይቅርብኝ፣ እኔ ለሰብለ ነው የማለቅሰው» ብላ አኮረፈች። እሷና ሹፌሩ እስከ ወሩ መጨረሻ አልታረቁም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ንግግር የበዛበት ምዕራፍ ሲደርስ ሰዎቹን በዕጣ ተከፋፈልናቸው። ጉዱ ካሣ ለቢቸናው ሰውዬ ደረሰ፣ በዛብህ ለሹፌሩ፣ ለእኔ ፊታውራሪ መሸሻ ወጡልኝ። ልጃቸውን ለጠየቀ ሁሉ አጥንት እየቆጠሩ፣ ይሄ በአባቱ ያንሳል፣ ያ በእናቱ ያንሳል እያሉ ልጅቱን ቤት ያስቀሯት ሰውዬ። አነበብኩ። ልፋት የሌለበት ንባብ ነበር፣ ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እጄ ሳይቀር ይነሣ ጀመር። ፀጉር ሠሪዋ በሳቅ ተንፈራፈረች። መምህሩ «ጋሼ፣ ይቺን ለእርስዎ ነው እንዴ የጻፏት?» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ይህን ጊዜ እናትሽ ከጀበናው ቀና ሳትል «እሱማ ሳያነብም ያውቀዋል» አለች።

እሷ አልሳቀችም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላም ምንም አልጨመረች። ሲኒዋን አጥባ፣ ረከቦቱን አልብሳ ገብታ ተኛች። እኔ ግን ሳሎን ቀረሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ ደውለሽ «አባዬ፣ አንድ ሰው አለ» አልሽኝ። ጠብቆ ነው ያልሽው። እኔ ምን እንዳልኩሽ አንቺ አትረሺውም፣ እኔም አልረሳሁትም። መጀመሪያ «የማን ልጅ ነው?» አልኩሽ። ቀጥዬ «አገሩ ወዴት ነው?» አልኩሽ። እናቱ ጠላ ሸጣ ብቻዋን እንዳሳደገችው ስትነግሪኝ «እስቲ ይታሰብበት» አልኩ። ማን እንዲያስብበት ነው? አንቺ ፍራንክፈርት፣ ልጁ እዚያው፣ ሁለታችሁም ሠርታችሁ የምትበሉ። አዲስ አበባ የኪራይ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ጉልት የለኝ፣ ጭሰኛ የለኝ፣ ማዕረግ የለኝ፣ አጥንት ልቆጥር ተነሣሁ። ፊታውራሪስ ቢያንስ የሚጠብቁት ርስት ነበራቸው። አንቺ «እሺ አባዬ» አልሽ። እሱን ጉዳይ ከዚያ ወዲያ አንሥተሽ አታውቂም። እኔም ዝምታሽን እንደ መስማማት ቆጥሬ በደስታ ኖርኩ፤ ለእናትሽ «ልጅቱ አስተዋይ ናት» እያልኩ። ይህን ስላት ፊቷን ታዞርብኝ የነበረበት ምክንያት አሁን ነው የገባኝ።

በማግሥቱ ማታ ፊታውራሪን ለሌላ ሰው ልስጥ ብል አንድም ሰው እሺ አላለኝም። እስከ መጨረሻቸው እኔው አነበብኳቸው። እጄ ግን አልተነሣም።

የበዛብህን ሞት ያነበበልን የቢቸናው ሰውዬ ነው፣ ጥቅምት 25፣ በሻማ። እንደ ዳዊት ነው ያነበበው፣ ሳይፈጥን፣ እንባ ሳይጨምርበት። ሹፌሩ «ስልክ ልመልስ» ብሎ ወጣ፣ ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። የተረፉን ምሽቶች አምስት ብቻ ስለሆኑ ወንጀለኛው ዳኛን ጀምረን ተውነው። ከትዝታ የተወሰነ ምዕራፍ አነበብን። ደራሲው በወጣትነታቸው ሽሬ ግንባር ከራስ እምሩ ጋር መዝመታቸውን፣ ተማርከው ጣልያን አገር ታስረው ዓመታት መቆየታቸውን አላውቅም ነበር። መምህሩ ኅዳርንም እንቀጥል ይላል፣ እናትሽ ቡናው በኪሎ ስንት እንደገባ ጠይቀህልኛል ወይ ትለዋለች። አንድ ቅጂ ገዝቼልሽ ሰው ሲመጣ እልክልሻለሁ፣ ነጥብ ያለበትን አሮጌ እትም አሮጌ መጻሕፍት ተራ እያስፈለግሁ ነው።

ልጁ አሁንም ካለ፣ ወይም ሌላ ሰው ካለ፣ ወይም ማንም ከሌለ፣ ያንቺ ጉዳይ ነው፣ አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ። ያን ቀን አባቱን ጠየቅሁሽ፣ አገሩን ጠየቅሁሽ፣ የእናቱን ሥራ ጠየቅሁሽ፣ ስሙን ግን አልጠየቅሁሽም። እስከ ዛሬ አላውቀውም። ፈቃድሽ ከሆነ ጻፊልኝ። የሚጠብቅ ፊደል ካለበት አናቱ ላይ ነጥቧን አድርጊበት፣ አሳስቼ እንዳልጠራው።

አባትሽ