የሲዲ4 ደም በበረዶ አይላክም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ኤች አይ ቪ የነጭ ደም ሴልን ገጽ እንዴት እንደሚለውጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወደነዋል። «ቫይረሱ ሲዲ4ን ከሴሉ ላይ ስለሚያነሳ የሲዲ4 ሴሎች ቁጥር ይወርዳል» የሚለው ግን ይታረም።

ማንሳቱንስ ያነሳል። ሲዲ4 የሲዲ4 ሴል በሚባለው ነጭ የደም ሴል ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ እሱንና ሲሲአር5 የተባለውን ሌላ የሴሉን ፕሮቲን ይዞ ይገባል። ከገባ በኋላ ኔፍ የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ገጹ ላይ ያለውን ሲዲ4 ከውስጥ ጎትቶ ያስፈጨዋል፤ ቪፒዩ የሚባለው ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን ደግሞ አዲስ የሚሠራውን ገና ሳይወጣ ያስቀረዋል። የገባበትን በር የሚያፈርሰው በከንቱ አይደለም፤ ሲዲ4 እዚያው ቢቀር አዲስ የሚወጡት ቫይረሶች መልሰው ይጣበቁበት ነበር። ኔፍ ሴሉ መያዙን የሚያሳብቁትን ኤችኤልኤ-ኤና ቢ የተባሉ የገጽ ፕሮቲኖችም ስለሚያነሳ ገዳይ ቲ ሴሎች የተያዘውን ሴል ይስቱታል። ኤችኤልኤ-ሲን ግን አይነካም፤ ገጹን ጨርሶ ቢያራቁተው ኤችኤልኤ የጎደለውን ሴል የሚገድሉት ኤንኬ ሴሎች ይነቁበታላ!

ይሁንና ደም ውስጥ ካሉት የሲዲ4 ሴሎች የተያዙት ጥቂት ናቸው። ቁጥሩ የሚያሽቆለቁለው ሴሎቹ ስለሚሞቱ ነው፤ ብዙዎቹ ሟቾችም ቫይረስ የማያመርቱ ጎረቤቶች ናቸው።

ይበልጥ ያሳሰበን «ናሙናው ሁልጊዜ በበረዶ ይላክ» ማለታችሁ ነው። ማሽኑ የሚቆጥረው ቀለም የተያያዘበት ፀረ እንግዳ አካል ገጹ ላይ የተጣበቀበትን ሴል ስለሆነ፣ ሴሉ በብርድ ሳይጎዳ መድረስ አለበት። ስህተቱ የሚመጣው ከቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ከሚለካው ምርመራ) ጋር በመምታታቱ ይመስለናል፤ ሁለቱም ወይን ጠጅ ክዳን ባለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ በያዘ ቱቦ ይቀዳሉ። ለቫይራል ሎድ ደሙ በ24 ሰዓት ውስጥ በማሽን ተሽከርክሮ ፕላዝማው ይለያል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጠው ይኸው ፕላዝማ ነው። የሲዲ4 ደም ግን እንዳለ፣ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ፣ ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቆጠር፤ የማሽኑ መመሪያ ከዚህ ካሳጠረው መመሪያው ይከበር። የኮምቦልቻ ቀትር የቆመ መኪና ውስጥ ከ25 ዲግሪ በቀላሉ ያልፋል፤ የደሴ ሌሊት ደግሞ መስኮት ዳር ያደረ ቱቦን ያቀዘቅዛል።

ቱቦው እንደተቀዳ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገለባበጥ፤ አይናጥ። ካልተገለባበጠ ደሙ ይረጋል፣ ሴሎቹም የረጋው ደም ውስጥ ይቀራሉ። የረጋውን በእንጨት አውጥቶ የቀረውን መቁጠር ከሁሉ የከፋው ነው፤ በማይክሮሊትር ደም 260 የሲዲ4 ሴሎች ያሉት ሰው ከ200 በታች ሆኖ ሊወጣና የጠና ሕመም ደረጃ ላይ ሊመዘገብ ይችላል። እንዲህ ያለው ናሙና ይጣልና እንደገና ይቀዳ።

የሲዲ4 ቁጥር ጠዋትና ማታም ስለሚለያይ፣ ባለፈው ጠዋት የተቀዳ ሰው ሲደገምም ጠዋት ይቀዳ።

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ደሴ