ላልበቀሉት ሁለት ጥርሶችሽ

ልጄ፣

«ለምን አሁኑኑ ኢምፕላንት አይደረግልኝም?» ላልሽው መልሱን ጽፌልሻለሁ፤ ሲከፋሽ መለስ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

መጀመሪያ ይሄ ይግባሽ፦ ጥርስሽን ስላልቦረሽሽ ወይም ጣፋጭ ስላበዛሽ የመጣ አይደለም። ከሁለቱ ትልልቅ የፊት ጥርሶችሽ ግራና ቀኝ መብቀል የነበረባቸው ቋሚ ጥርሶች ከመነሻውም አልተፈጠሩም። ራጁ ላይ ቦታቸው ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ነገሩ በዘር ይመጣል። ሳይበቅሉ ከሚቀሩ ጥርሶች መካከል ደግሞ እነዚህ በብዛት ከሚታዩት ናቸው።

ወደ ኢምፕላንቱ ልምጣ። አጥንት ውስጥ የሚተከል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸከም የቲታኒየም ብሎን ነው። የራስሽ ጥርሶች ፊትሽ ሲያድግ አብረው ዝቅ ይላሉ። ብሎኑ ግን ከአጥንቱ ጋር ስለሚጣበቅ ንቅንቅ አይልም። ዛሬ በ14 ዓመትሽ ቢተከል ለጊዜው ያምራል። ከዓመታት በኋላ ጎረቤቶቹ ሲወርዱ እሱ ወደ ላይ ቀርቶ አጭር ይሆናል፤ የድድሽም መስመር ይዛነፋል። ያንን ማስተካከል ደግሞ ቀላል አይደለም። ሐኪሞች በተለያየ ጊዜ የተነሱ የጎን ራጆችን አስተያይተው እድገትሽ መቆሙን ካላዩ የማይነኩት ለዚህ ነው። ቁመትሽ ስለቆመ ብቻ አይበቃም። ብዙ ጊዜ እስከ 20ዎቹ መጀመሪያ መጠበቅ አለ።

እስከዚያ ግን ባዶ አፍ ትቀመጫለሽ ማለት አይደለም። ፎቶ ስትነሺ አፍሽን በእጅሽ ስትሸፍኚ አያለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል። በብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ላይ ተለጥፎ ቀስ በቀስ በሚያንቀሳቅሰው ሽቦ፣ ቦታው ከተስተካከለ በኋላ ከጎረቤት ጥርስ ጀርባ በስስ ክንፍ የሚለጠፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ። ጥርስሽ ብዙም አይሞረድም፤ በደንብ ከተያዘም ለዓመታት ያገለግላል።

ሌላው መንገድ ክፍተቱን ጨርሶ መዝጋት ነው። ክራንቻዎችሽ በብሬስ ወደ ፊት ይሳባሉ። ክራንቻ ሹል ነው፣ ቀለሙም ከፊት ጥርስ ጠቆር ይላል። ስለዚህ ጫፉ ይሞረዳል፣ ይነጣል፣ በጥርስ ቀለም ሙሌት ቅርጹ ይስተካከላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ልቤ ወደዚህ ያደላል፤ የራስሽ ጥርስ ነው፣ ከፊትሽ ጋርም ያድጋል። ግን የላይና የታች ጥርሶችሽ አገጣጠም ካልፈቀደ አይሆንም፤ ያንን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው።

በየትኛውም ብንሄድ ብሬሱ ሲወጣ ጥርሶቹን በአዲሱ ቦታቸው የሚይዝ ሪቴይነር አለ። ማታ ማታ ማድረጉን ከተውሽው ጥርሶቹ ወደ ድሮ ቦታቸው ይመለሳሉ። በዚህ አልደራደርሽም።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ጥያቄዎችሽን ጽፈሽ ያዢ። ሁለቱም መንገድ አንቺ ላይ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።

እናትሽ