ለደንበኞቻችን፦ የናሙና መስመሩን ንድፍ ለምን እንደምንጠይቅ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ከአሁን በኋላ የውኃ ጥራት መለኪያ መሣሪያ ከመላካችን በፊት ውኃው ወደ መሣሪያው የሚመጣበትን መስመር ንድፍ እንጠይቃችኋለን። ጥያቄው የወረቀት ሥራ ለመጨመር የመጣ አይደለም። «መሣሪያችሁ ይሳሳታል» ተብለን ስንጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ደኅና ሆኖ እናገኘዋለን። የተበላሸው በዋናው ቧንቧና በመሣሪያው መካከል ያለው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመቅጃው ነው። አግድም ከተዘረጋ ቧንቧ አናት ላይ ከቀዳችሁ አየር ይመጣል፤ ከሥሩ ከቀዳችሁ ደግሞ ዝቃጭ። ስለዚህ ከጎን እንቀዳለን፤ ሲቻልም የመቅጃውን ጫፍ እስከ ቧንቧው መሐል እናስገባለን። ክሎሪን የሚጨመርበት ቦታ አጠገብ ግን መቅዳት አይገባም፤ ገና በደንብ ስላልተቀላቀለ ንባቡ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በትንሹ የቧንቧውን ስፋት 10 እጥፍ ያህል እንርቃለን፤ ከዚያ ብንርቅም ደስ ይለናል።

ብዙ የሚያከራክረን የቱቦው ስፋት ነው። ሰፊ ቱቦ ሁልጊዜ ይሻላል የሚል እምነት አለ፤ እዚህ ላይ ግን ይጎዳል። ውስጡ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በአንድ ሜትር ርዝመት 28 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። 20 ሜትር ቢዘረጋና በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ቢፈስበት፣ ውኃው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ አልፎ መሣሪያው ዘንድ ይደርሳል። ውስጡ ግማሽ ኢንች በሆነ ቱቦ፣ በዚያው ርቀትና በዚያው ፍሰት፣ 5 ደቂቃ ይፈጃል። የክሎሪን ፓምፑ በዚህ ንባብ የሚታዘዝ ከሆነ የሚሠራው በቆየ ወሬ ነው፤ መቀነስ ሲገባው ይጨምራል፣ መጨመር ሲገባው ይቀንሳል። ርቀቱን ማሳጠር ካልተቻለ ብዙ ውኃ በፍጥነት እስከ መሣሪያው አጠገብ እናመጣና ከእሱ ጥቂቱን ብቻ ለመለኪያው እንከፍላለን፤ የቀረው በጎን ያልፋል።

መዳብና ተራ ብረት ክሎሪኑን በመንገድ ላይ ስለሚቀንሱት አንጠቀምባቸውም። ብርሃን የሚያስገባ ቱቦም እንዲሁ፤ ውስጡ አልጌ ይበቅልበታል፣ ተላቆ ሲመጣም ውኃው የደፈረሰ ይመስላል። ጥቁር ፖሊኢትሊን ርካሽ ነው፣ ይበቃልም። ከድፍርስነት መለኪያው በፊት ማጣሪያ የገጠሙ ደንበኞችም አሉን። ሐሳባቸው መሣሪያው እንዳይቆሽሽ ነው፤ እኛ ግን የምንለካው ያንኑ ቆሻሻ ነውና ማጣሪያውን ይቅርታ ጠይቀን እንነቅለዋለን።

አየር የተለየ ጣጣ ነው። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ በውኃው ውስጥ የሟሟው አየር አረፋ ይሆናል፤ የድፍርስነት መለኪያ ደግሞ አረፋን ከአፈር አይለይም። ስለዚህ ከፊቱ አረፋ ማስወጫ እንተክላለን። ለብዙ የክሎሪን ሰንሰሮች ደግሞ ፍሰቱ አለመለዋወጡ ወሳኝ ነው፤ የፍሰት መቆጣጠሪያ ቫልቩን «ለጊዜው» ብላችሁ አትንኩት።

ከመሣሪያው የሚወጣው ውኃ ያለ ምንም ግፊት ወደ ክፍት ማፍሰሻ ይውረድ፤ የቱቦው ጫፍ በፍሳሹ ውስጥ አይጠመቅ። በኬሚካል የሚለካ መሣሪያ ከሆነ ያ ውኃ ወደ ንጹሑ መስመር ፈጽሞ አይመለስም።

አዲስ መስመር ከመሣሪያው ጋር ከመገናኘቱ በፊት በደንብ ይታጠባል፤ የቴፍሎን ቁራጭና የቧንቧ ፍቅፋቂ ሰንሰሩን ይጎዳሉ። ከመሣሪያው አጠገብ በእጅ የምትቀዱበት ትንሽ ቧንቧም እናስቀምጣለን። የእጅ ምርመራችሁን ከእሱ ቅዱ፣ ክሎሪኑንም እዚያው ለኩ፤ ከሌላ ቦታ ቀድታችሁ ብታስተያዩት ልዩነቱ የመሣሪያው ስሕተት አይሆንም።

ንድፉ በእጅ የተሣለ ቢሆን ግድ የለም። የቱቦው ርዝመት፣ የውስጥ ስፋቱ፣ የተሠራበት ነገር፣ የዋናው ቧንቧ ግፊትና የማፍሰሻው ቦታ ይታይበት። መስመሩን አስቀድማችሁ ዘርግታችሁ ከሆነ ፎቶግራፍ ላኩልን፤ ሳናየው አትንቀሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የተከላና የጥገና ክፍል