«ብቻ» የምትለዋን ቃል አርሙልኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ኪራይ ስለማይከፍሉ ተከራዮች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። «አከራዩ ያለው አማራጭ ከስሶ ማስወጣት ብቻ ነው» ይላል። ይቺ «ብቻ» አንገበገበችኝ። ያነጋገራችሁት ፎቅ የሚያከራዩትን ነው። እዚህ ስድስት ኪሎ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አከራይታ የምትኖር ጡረተኛ አከራይ አይደለችም?

ዓምና አንዱ ተከራዬ ሦስት ወር ሳይከፍል ቀረ። 18,000 ብር! የሚሠራበት ምግብ ቤት ተዘግቶበት ነው። ማታ ሲገባ እንዳልሰማው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዛል። እኔ ደግሞ ለመድኃኒት ከልጄ መበደር ጀመርኩ። ጎረቤቴ «መብራቱን ቁረጪበት» አለችኝ። ተናድጄ ስለነበር ላደርገው ምንም አልቀረኝም። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። «እትዬ፣ በምን ፊቴ ልይዎት?» አለኝ፣ ጫማውን እንደያዘ።

በማግስቱ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ባሉበት ተነጋገርን። ለካ አዲስ ሥራ ጀምሯል፤ ዕቁብም አለው። የዕቁቡን ዳኛ ለምኖ ተራው ቀደም ተደርጎ ተሰጠውና 12,000 ብር በባንክ አስገባልኝ። የቀረውን 6,000 በየወሩ ከኪራዩ ጋር 1,500 እየጨመረ በአራት ወር ጨረሰ። ስምምነቱን በሁለት ኮፒ ጽፈን፣ ሽማግሌዎቹም ፈርመውበታል። በቃል ቢሆን እሺ አልልም ነበር።

ባስወጣውስ ኖሮ? ክፍሉ ባዶውን ይከርማል። ቀለም አለ፣ የደላላ አለ። አዲስ ተከራይ ሲመጣም፣ በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል አይቻልም። ታዲያ የኔን 18,000 ማን ሊሞላልኝ ነው? ፍርድ ቤት ብረታስ፣ ሥራ ፈቶ ከወጣ ልጅ ምን አገኛለሁ?

በሚያዝያ 2012፣ በኮሮና ጊዜ፣ መንግሥት ተከራይ ማስወጣትንም ኪራይ መጨመርንም ከልክሎ ነበር። ያኔ በእኛ ሰፈር ኪራይ የቀነሰ አለ፣ ጊዜ የሰጠ አለ። ይህ ሁሉ ከዘገባችሁ የት ገባ?

እያለው ሆን ብሎ የማይከፍል አለ፣ አልክድም። እሱን ፍርድ ቤት ይዳኘው። ጫማውን በእጁ ይዞ የሚገባውን ግን ከእሱ ጋር አንድ ላይ አትጻፉብኝ። «ብቻ»ንም በሚቀጥለው እትማችሁ አርሙልኝ። ሌላዋ አከራይ ያንን አንብባ ነገ መብራት ልትቆርጥ ትችላለች።

አከራይ ነኝ፣ ከስድስት ኪሎ