ወለሉን ከመቁረጤ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ ሙሉጌታ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ያሳፍረኛል፤ ይቅር በለኝ። ምክንያቱን ስንገናኝ አጫውትሃለሁ። አሁን ብዕር ያስያዘኝ የአባባ ቮልስ ነው።

ቅዳሜ ተነሣች! አሥራ አንድ ዓመት ቆርቆሮው ሥር የቆመችው ቮልስ ተነሣች፣ ሙሌ! ያ የምታውቀው ድምፅ ግቢውን ሲሞላው እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም።

«ቁልፍ አቀብል እንጂ ሞተር አትንካ» ስትለኝ ኖረሃል፤ እስቲ አሁን ምን ትላለህ? ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጌ ሁለት ቀን ተውኩት። ከዚያ በኋላ ነው የዲናሞውን ፑሌጃ ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዤ ሞተሩን በእጄ ቀስ እያልኩ ያዞርኩት። አሮጌውን ዘይት አፍስሼ፣ ወንፊቱን አጥቤ፣ 2.5 ሊትር አዲስ ጨመርኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የቫልቮቹን ክፍተት 0.15፣ የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን የፑንቲናውን ክፍተት ደግሞ 0.4 ሚሊሜትር ላይ አስተካከልኩ። የቤንዚኑን የጎማ ቱቦዎች በሙሉ ቀየርኩ፤ ጣት ሲነካው የሚሰነጠቅ ጎማ ከጋለ ሞተር አጠገብ መተው ያስፈራል። ፍሬኑ ገና ስለሆነ ከግቢ አላወጣኋትም።

እንቅልፍ የነሣኝ ወለሉ ነው። የኋላውን ወንበር አንሥቼ ባትሪውን ሳወጣ ከሥሩ መሬት ታየኝ። ዝገቱን በካቻቪቴ እየወጋሁ ብከተለው፣ ከቀኙ በር ሥር የሚያልፈውን፣ ሙቅ አየር የሚያስተላልፈውን ብረት ጭምር በልቶታል። የሰፈራችን በያጅ ላሜራ ደርቦ፣ ስቱኮ ቀብቶ በአንድ ቀን ሊያስረክበኝ ቃል ገብቷል። አልተዋጠልኝም። ዝገት ላይ የተደረበ ላሜራ መበላቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም፤ ያ ብረት ደግሞ አካሉን የሚሸከም ነው። ሳይደገፍ ከተቆረጠ አካሉ ይጎብጣል፣ በሩም ዳግመኛ አይገጥምም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ የቤንዚኑን ታንከር አውጥቼ፣ የበሩን ክፍት በብረት ቱቦ አግድም ወጥሬ፣ በሩን በየጊዜው እየገጠምኩ እያየሁ፣ ጤነኛ ብረት እስካገኝ ድረስ መቁረጥ። አካሉን ከወለሉ ላይ ላንሣው ወይስ በቦታው እንዳለ በአንድ ጎን ብቻ ልጀምር? በጋሼ ጋራዥ ያችን ቀይዋን ስትሠሩ እንዴት ነበር ያደረጋችሁት? እኔ ያኔ የማየው በሩቅ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ... እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። አምና ለቁራሌው ልሸጣት ተስማምቼ ነበር። ሊጭናት በመጣ ጠዋት ውስጧን ስፈትሽ ከፊተኛው ወንበር ሥር የጋሼን 21 ቁልፍ አገኘሁ፤ ያንን የስማቸው መነሻ ፊደል የተቀረጸበትን። ጠፋ ብለው አንተን የተቆጡበት እርሱ ነው። እኔ ጋ ነበር፣ ሙሌ፤ እርሳቸውም ሳያውቁ አለፉ። ቁራሌውን ቀብድ መልሼ አሰናበትኩት። ሞተሩን ያዞርኩት በዚያው ቁልፍ ነው።

ለመስቀል ትመጣለህ? እስከዚያ ወለሉን አልነካውም። ቁልፉን በዘይት አሽቼ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ በሰው እጅ አልልከውም፣ ራስህ መጥተህ ተቀበለኝ።

ወንድምህ ዳዊት