ከኮሶው ዜና የጎደሉት ቁጥሮች

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ገጻችሁ የኮሶ አበባ ጭማቂ «ባክቴሪያን እንደ አንቲባዮቲክ ይገድላል» ብላችሁ ያወጣችሁትን አንብቤያለሁ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ የምሠራ ቴክኒሺያን ነኝ። ባክቴሪያ የሚበቅልበትን፣ አጋር የሚባለውን ጄሊ መሳይ ነገር ለተማሪዎች የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ኮሶም በእጄ ያልፋል። ዜናው ውሸት ነው አልልም። ግን ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች የሉበትም።

ለመጻፍ ያነሳሱኝ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ ናቸው። ጋዜጣውን ይዘው መጥተው፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የታዘዘላቸውን ክኒን ትተው ኮሶ ሊጠጡ እንዳሰቡ ነገሩኝ። «እማማ፣ እሱ እኮ ለኮሶ ትል ነው!» አልኳቸው። «ጋዜጣው ነው እንጂ እኔ አላልኩም» አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። የደረቀው አበባ ይፈጫል፣ ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ሜታኖሉ ይተናል። የሚቀረው ሙጫ መሳይ ነገር ተመዝኖ ይሟሟና 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ክብ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል። ወረቀቷ ባክቴሪያ በተቀባ ሳህን ላይ ተቀምጣ በ35 ዲግሪ ሙቀት ታድራለች። ጠዋት በዙሪያዋ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ከታየ በማስመሪያ ይለካል። ተማሪዎቹ ያን ክብ ሲያዩ እልል ሊሉ ምንም አይቀራቸውም። እኔም ደስ ይለኛል።

ግን ሂሳቡን እንሥራ። ለዚህ ምርመራ በሚዘጋጀው የሲፕሮፍሎክሳሲን (የአንቲባዮቲክ ዓይነት ነው) ወረቀት ላይ ያለው መድኃኒት 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም ካለው የአበባ ጭማቂ 20 ማይክሮ ሊትር ያንጠባጠበ ተማሪ ደግሞ 2,000 ማይክሮግራም አስቀመጠ ማለት ነው። 400 እጥፍ! ከዚያ «ከመድኃኒቱ ጋር ተቀራራቢ ክብ አወጣ» ይባላል። ሎሚም እኮ በአሲድነቱ ክብ ሊያወጣ ይችላል።

የክቡ ስፋትም ብቻውን አያስተማምንም። በአጋሩ ውስጥ ቶሎ የሚሰራጭ ደካማ ነገር ሰፊ ክብ ይሠራል፤ ኃይለኛ ሆኖ የማይሰራጭ ደግሞ ጠባብ። ለዚህ ነው ባክቴሪያውን የሚያቆመው ዝቅተኛ መጠን በፈሳሽ ውስጥ ለብቻው የሚለካው። ዜናው ላይ ይህ የለም። ክቡን ያወጣው ፈሳሹ ራሱ እንዳይሆን፣ ጭማቂው የተሟሟበት ፈሳሽ ብቻውን ስለ መሞከሩም አልተጻፈም።

የባክቴሪያው ስምም አልተጠቀሰም። ስታፊሎኮከስን ያቆመ የዕፅዋት ጭማቂ ኢ. ኮላይ ላይ ብዙ ጊዜ ይደክማል፤ ኢ. ኮላይ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አለው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን በብዛት የሚያመጣው ደግሞ እሱው ነው። እማማ ኮሶውን የሚጠጡት በውሃ በጥብጠው ነው። ሜታኖል ከአበባው የሚያወጣውን ሁሉ ውሃ አያወጣም። መጠኑ ከበዛ ደግሞ ኮሶ መርዝ ነው፤ ያስመልሳል፣ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። የድሮ ሰዎች በልክ ይጠጡት የነበረው ወደው አይደለም።

አበባዎቻችን አይመርመሩ ማለቴ አይደለም፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ መጠኑን፣ የማነጻጸሪያውን መድኃኒትና የባክቴሪያውን ስም ጨምሩበት። ሁለት መስመር ቢወስድ ነው። በሚቀጥለው እትም ደግሞ «የታዘዘላችሁን ክኒን በዚህ ዜና ምክንያት እንዳታቋርጡ» የምትል ማስታወሻ ብታወጡልኝ፣ ቆርጬ ለእማማ እወስድላቸዋለሁ። እኔን አልሰሙኝም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የላብራቶሪ ቴክኒሺያን፣ ከአዲስ አበባ