ለአንቴናው

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔና ቤተሰቤ፣ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር፣ ደህና ነን። አጀማመሬ የድሮ ደብዳቤ መሰለ፤ ይሁን። አስር ዓመት ዝም ያለ ሰው ከዚህ ሌላ በምን ይጀምራል? ምክንያት አልደረድርልህም። ዛሬ ነገ ስል ዘገየሁ፤ ከዚያ መዘግየቴ አሳፈረኝ፤ ኀፍረቱም ውሎ አድሮ ልማድ ሆነ።

ያስጻፈኝ ሪሞት ነው። ትናንት ማታ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ጀበናው አምልጦ ሪሞቱን አጠጣው። ቴሌቭዥኑ ኢቲቪ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ውጭው የደሴ ጉም ነው፣ የት ይኬዳል? ከሁለት ሰዓት ዜና ጀምሮ የመጣውን ሁሉ ተቀበልን። ዜናው ረዘመ። ስለ ደም ግፊት አንድ ሐኪም ሲናገሩ ባለቤቴ ጨው የበዛበትን ወጥ ቀና ብላ አየችና ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ አንድ መሰንቆ መቺ መጥቶ አምባሰልን ሲያወርደው ልጆቹ ሳይቀሩ ዝም አሉ። ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸው ከእኛው ወሎ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ትንሹ «ትዝታስ?» አለኝ። ትዝታማ የሁሉም ነው ብዬ አለፍኩት።

ያን ጊዜ ትዝ አልከኝ። ባለቀለሙ ስርጭት ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ቢጀመርም እኛ ቤት የነበረው ያ ባለ ዳንቴሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። አንተ ከውጭ የአንቴናውን ብረት ይዘህ «አሁንስ?»፣ እኔ በመስኮት «ትንሽ ወደ ጦሳ ተራራ! ኧረ በዛ፣ መልሰው!»። አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ምስሉ የሚጠራው በአቅጣጫው አልነበረም። አንተ ብረቱን ስትይዘው ይጠራል፣ ስትለቀው መስታወቱ በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። ይህን ያወቅኩት በሁለተኛው ቀን ነው። «ትንሽ ቆይ፣ ሊስተካከል ነው» እያልኩ በዚያ ብርድ ያቆምኩህ እያወቅኩ ነው። ቡናህን በመስኮት እናቀብልህ ነበር፤ ጋቢውንም እናቴ ናት የላከችልህ፣ እኔ አይደለሁም።

አባባ ተስፋዬ ተረታቸውን ሲጨርሱም «መጨረሻው ምን ሆነ?» ትለኝ ነበር። ስስቅ ያመለጠኝን ከራሴ እየጨመርኩ ነገርኩህ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው ከአርባ ዓመት በላይ የሀገሩን ልጅ ሁሉ ተረት ሲያበሉት፣ አንተ የበላኸው የእኔን ነው! በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ መጀመሪያ ልደውልለት ያሰብኩት ሰው አንተ ነበርክ። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

እጅህን እያሻሸህ ስትገባ ጣቢያው ሊዘጋ ብሔራዊ መዝሙሩ ይዘመር ነበር። ከምሽቱ ሁሉ አንተ በዓይንህ ያየኸው እሱን ብቻ ነው። አሁን የሚዘጋ ጣቢያ የለም፤ የተዘጋነው እኛ ነን፣ እኔም እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጬ እንቅልፍ ዘጋኝ።

ከመተኛቴ በፊት ድራማ ነበር። ልጅቷ ቁልፉን በበሩ ስር ወደ ውጭ ስትገፋው «ይቀጥላል» አለ። ከውጭ ማን እንዳለ አላሳዩንም። ሪሞቱ ዛሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ቢድንም ባይድንም በሚመጣው ሳምንት ያንኑ ጣቢያ አያለሁ። የሆነውን ወዲያው እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ከራሴ አልጨምርም።

ያው የመስኮቱ ጓደኛህ